በሻማ ጭስ የተጻፉ ስሞች

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ከተሳላሚዎች ጋር ነበር። ትንሣኤን ኢየሩሳሌም አከበርን። ቤተልሔምን ተሳለምን፣ ዮርዳኖስ ወረድን። ማክሰኞ ዕለት ሁሉም ወደ አገር ሲመለስ እኔ አምስት ቀን ቀረሁ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል አንዲት እናት በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ምን ቀረህ ልጄ? ሁሉንም አይተን የለም ወይ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። እሳቸው ሊሳለሙት የመጡትን ሁሉ ተሳልመዋል። እኔን ያስቀረኝ ሌላ ነገር ነው።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንጆች ስለ ቅድስት አገር የጻፉትን ለዓመታት ሳነብ ኖሬያለሁ። ሥራዬ ሆኖ አይደለም፣ ስለምወደው ነው። ከነሱ በፊትም አውሮፓውያን ኢየሩሳሌም ይመጡ ነበር፤ የሚመጡት ግን ለመሳለም ነው። እነዚህኞቹ መጽሐፍ ቅዱስና ኮምፓስ ይዘው ሊለኩ መጡ። ከ1831 ጀምሮ አገሩን የግብጹ መሐመድ ዓሊ ልጅ ኢብራሂም ፓሻ ሲይዘው መንገዱ ለውጭ ሰው ቀለል አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በዚያ ላይ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ የሚጠራጠር ትምህርት እየተስፋፋ ነበር። ብዙ አማኝ ምሁራን መልሱን ከመሬቱ እናምጣው ብለው ተነሱ። እኔም የረገጡትን ልርገጥ ብዬ ነው የቀረሁት።

ረቡዕ ጠዋት ከአሮጌው ከተማ ግንብ በስተደቡብ ወደ ስልዋን ቁልቁል ወረድኩ። ስልዋን የኛው መጽሐፍ ሰሊሆም የሚለው ነው፤ ዓይነ ስውሩ ሄዶ ታጥቦ እያየ የተመለሰበት። ዳገቱ ላይ የፍልስጤማውያን ቤቶች ተደራርበው ቆመዋል። እነሱ መሐል «የዳዊት ከተማ» የሚባለው የቁፋሮ ቦታ አለ። ከላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ ሕፃን ያለቅሳል፤ ከሥር መሬቱ ተቦርቡሯል። ሰው በሚኖርበት መንደር ሥር ታሪክ ሲቆፈር ማየት ልብ ይከብዳል። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ፊቴን አይታ በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ ባትሪ ይዘዋል?» አለችኝ። ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ እሷ እዚያው ነው የተወለደችው። «ጫማዎትን ይቀይሩ። ውኃው መጀመሪያ ላይ ጭን ድረስ ነው፣ በኋላ ይቀንሳል» ብላ መከረችኝ። የምንጩ ስም ግዮን እንደሆነ ስትነግረኝ ሁለታችንም ፈገግ አልን። ለኛ ግዮን ዓባይ ነው።

ነገሩ ሌላ ሰው አስታወሰኝ። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሦስት የመጽሐፈ ሔኖክ ቅጂዎች ይዞ ሄደ። አውሮፓ ከሺህ ዓመት በላይ ጠፍቶባት የነበረውን መጽሐፍ ሙሉውን ያገኘችው በግዕዝ ነው። መጽሐፉን ጽፈው፣ ገልብጠው፣ ከእሳትና ከውኃ አድነው ያቆዩት ደብተራዎች ስማቸው አልተጻፈም። የብሩስ ስም ተጽፏል። ይህ ሐሳብ አምስቱን ቀን ሙሉ አብሮኝ ዞረ።

ከግዮን ምንጭ ወደ ሰሊሆም ውኃ የሚወስደው መሿለኪያ ውስጥ ገባሁ። ውኃው ይቀዘቅዛል። ግድግዳው ትከሻዬን ይነካል፣ ጣሪያው አንዳንዴ ከፍ አንዳንዴ ዝቅ ይላል። ከአንድ አለት የተፈለፈለ 533 ሜትር መንገድ ነው። አሦራውያን ሲመጡ ከተማዋ በውኃ ጥም እንዳታልቅ ንጉሥ ሕዝቅያስ ያሠራው እንደሆነ ይታመናል። መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 20 ላይ ውኃውን ወደ ከተማይቱ እንዳመጣ ተጽፏል። ላሊበላን ያየ ሰው አለት መፈልፈል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እኔም በእጄ ግድግዳውን እየዳበስኩ ስሄድ የመሮው ምት ይሰማኝ ነበር።

ኤድዋርድ ሮቢንሰን እዚህ የገባው በሚያዝያ 1838 ነው። አሜሪካዊ ነው፤ የኒው ዮርክ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት መምህር፣ ዕድሜው 44። ከካይሮ ተነስቶ ሲና በረሃን አቋርጦ ነው ኢየሩሳሌም የደረሰው። አብሮት ኢላይ ስሚዝ የተባለ ሚስዮናዊ ነበር። ስሚዝ ቤይሩት የኖረ፣ ዓረብኛ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ሁለቱ ጫማቸውን አውልቀው፣ ልብሳቸውን ሰብስበው፣ ሻማ ይዘው ከሰሊሆም በኩል ገቡ። ያኔ መሿለኪያው በደለል ግማሽ በግማሽ ተሞልቶ ነበር። ጎንበስ አሉ፣ ተንበረከኩ፣ በመጨረሻ በሆዳቸው ተሳቡ። 800 ጫማ ያህል ሄደው መቀጠል አልቻሉም። ያኔ በሻማው ጭስ የስማቸውን መነሻ ፊደላትና 800 የሚለውን ቁጥር ግድግዳው ላይ ጻፉ። ከቀናት በኋላ በሌላኛው ጫፍ፣ እኔ በገባሁበት በግዮን በኩል ገብተው እየተሳቡ እስከ ምልክታቸው ደረሱ። ርዝመቱን 1,750 ጫማ ብለው መዘገቡ። ይህም ከዛሬው ልኬት ጋር የሚገጥም ነው። በጭቃ ውስጥ በሆድ እየተሳቡ እንዲህ አድርጎ መለካት! ሰውየውን ከልቤ ነው የማከብረው።

ምልክቱን በባትሪዬ ፈለግኩት። ግድግዳው ላይ ምንም አላየሁም። እኔ ቆሜ የምሄደው ደለሉ ስለተጠረገ ነው። ያስጠረገው ፓርከር የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ ከ1909 እስከ 1911 እዚህ የቆፈረው የመቅደሱን ሀብት፣ ታቦቱን ጭምር ፍለጋ ነበር። ሰዎቹ ሌሊት ሌሊት በጉቦ ቅዱሱ አደባባይ (ጥንት መቅደሱ የነበረበት፣ ዛሬ አል አቅሳ መስጊድ ያለበት) ገብተው ሲቆፍሩ ተደርሶባቸው ከአገር ሸሹ። ታቦተ ጽዮን አክሱም ናት እየተባለ ላደገ ሰው ይህን ማንበብ የተለየ ስሜት አለው። የሌላውን ቅዱስ ቦታ በጨለማ መቆፈር ለኔ ድፍረት ብቻ አይደለም፣ ነውር ነው።

ሮቢንሰን አንድ ነገር አምልጦታል። ከሰሊሆም በኩል በገባ በስድስት ሜትር ያህል ርቀት፣ ግድግዳው ላይ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ነበረ። ያገኘው ምሁር አይደለም። በ1880 ውኃው ውስጥ የገባ የትምህርት ቤት ልጅ ነው ያየው። ስድስት መስመር ነው። ቆፋሪዎቹ ከሁለት ጫፍ ተነስተው እንዴት እንደተገናኙ ይናገራል። ሦስት ክንድ ሲቀራቸው አንዱ ሌላውን ሲጠራ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ዶማ ለዶማ ተገናኙ፤ ውኃውም 1,200 ክንድ ፈሰሰ ይላል። የንጉሥ ስም የለበትም። የአለቃ ስም የለበትም። የቆፋሪዎቹም የለም፤ ድምፃቸው ብቻ ነው ያለው። በቱርኮች ዘመን ከግድግዳው ተፈልፍሎ ወጥቶ ዛሬ ኢስታንቡል ሙዚየም ነው። ባዶ ቦታው አጠገብ ቆሜ ባትሪዬን አጠፋሁ። ጨለማው ውስጥ የውኃው ድምፅ ብቻ ይሰማል። እዚያ ምን ያህል ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት ነቢ ሳምዊል ወደሚባለው ኮረብታ በአውቶቡስ ሄድኩ። ነቢዩ ሳሙኤል የተቀበረበት ነው ይባላል፤ ከላይ መስጊድ፣ ከሥር የአይሁድ ጸሎት ቤት። ጣሪያው ላይ ሲወጡ በሰሜን በኩል አል ጂብ የምትባል መንደር ትታያለች። ወይራ፣ ጥቂት ቤቶች፣ የመስጊድ ሚናራ።

የሮቢንሰን ትልቁ ሥራ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሱና ቦታቸው የጠፋ ከተሞችን የፈለገው በቁፋሮ አይደለም። ገበሬውን ጠየቀ። «ያ ኮረብታ ማን ይባላል? ይህ ሸለቆስ?» እያለ። ስሚዝ ይሰማል፣ ይጽፋል። ዓናታ ሲሉት ዓናቶት ናት አለ፣ የነቢዩ ኤርምያስ አገር። ሙክማስ ሲሉት ማክማስ። ሰይሉን ሲሉት ሴሎ። በይቲን ሲሉት ቤቴል። አል ጂብ ሲሉት ደግሞ ገባዖን፤ ኢያሱ ፀሐይን ያቆመባት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከ1956 ጀምሮ አሜሪካውያን አል ጂብን ሲቆፍሩ «ገባዖን» የሚል ስም የተቀረጸባቸው የእንስራ እጀታዎች ከመሬት ወጡ። ገበሬው ልክ ነበር። ቋንቋው ተለውጦ፣ ሃይማኖቱ ተለውጦ፣ መንግሥት በመንግሥት ላይ ተተክቶ፣ ስሙ በገበሬው አፍ ላይ ቆየ።

አገራችንም ይህ አለ። የገደሉን፣ የጅረቱን፣ የዋርካውን ስም የሚያውቅ እረኛ የሌለበት ቀበሌ የለም። ጣሪያው ላይ ቆሜ አል ጂብን ሳይ አንድ ነገር ቆጨኝ። ለሮቢንሰን «አል ጂብ» ብሎ የመለሰለት ሰውዬ ማን ነበር? ስሙን ማንም አልጠየቀውም። ኢላይ ስሚዝ ራሱ፣ ዓረብኛው ባይኖር ሥራው ሁሉ የማይሠራው ሰው፣ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ስለ ስም ካነሳሁ የአሮጌውን ግንብ ላውራ። በቅዱሱ አደባባይ ምዕራባዊ ግንብ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ከግድግዳው ወጣ ያሉ ግዙፍ ድንጋዮች አሉ። ሮቢንሰን ነው የቅስት መነሻ መሆናቸውን ያስተዋለው። ዛሬ «የሮቢንሰን ቅስት» ይባላሉ። እሱ የድልድይ ቅሪት መስሎት ነበር። ከ1967 በኋላ በተደረገው ቁፋሮ ቅስቱ ትልቅ ደረጃ የተሸከመ እንደነበር ታወቀ። ወደ ሰሜን ሲሄዱ አይሁድ ከሚጸልዩበት አደባባይ በስተግራ «የዊልሰን ቅስት» አለ። ከሥሩ መጽሐፍ የተደረደረበት፣ ጥቁር የለበሱ ሰዎች እየተወዛወዙ የሚጸልዩበት ሰፊ አዳራሽ ነው። የዳዊትን መዝሙር እንደሚደግሙ አባቶቻችን ነው የመሰሉኝ። ቆቤን አድርጌ ጥግ ላይ ቆምኩ።

ቻርልስ ዊልሰን የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ ነው። በ1864 የመጣበት ምክንያት ውኃ ነው። የከተማው ሰው በቆሻሻ ጉድጓድ ውኃ ይታመም ነበር። አንጀላ በርዴት ኩትስ የምትባል ባለጸጋ እንግሊዛዊት ውኃ ለማስገባት ከተማው ይለካ ብላ 500 ፓውንድ ሰጠች። ካርታው እጅግ ጥሩ ሆኖ ተሠራ። ውኃው ግን በዚያ ሥራ አልመጣም። የከተማዋ ድሃ ያንኑ የጉድጓድ ውኃ መጠጣት ቀጠለ። ይህን ሳነብ ሁሌም ያናድደኛል።

በዓመቱ፣ በ1865፣ ለንደን ውስጥ ፍልስጤምን የሚያጠና ማኅበር ተቋቋመ። በምሥረታው ስብሰባ ላይ የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ተነስተው፣ «ይህች የፍልስጤም ምድር የእናንተና የእኔ ናት፤ በመሠረቱ የኛ ናት» አሉ። ለአብርሃም የተባለውን «ተነሣ፣ በምድሪቱ ተመላለስ» የሚለውን ቃልም ጠቀሱ። ያቺን ምድር ረግጣ የማታውቅ ጉባኤ ፊት ነው ይህን ያሉት ለማለት ባልደፍርም፣ እዚያ ተወልዶ፣ እዚያ አርሶ፣ እዚያ የሚቀበረው ሰው ግን በአዳራሹ አልነበረም። አንድን አገር በመጽሐፍ ስለወደዱት ብቻ የኔ ነው ማለት ይቻላል? እኛም እኮ ኢየሩሳሌምን ከልጅነታችን ጀምሮ በመዝሙር እናውቃታለን። ያን ፍቅር አውቀዋለሁ። ፍቅሩ ወደ ባለቤትነት ሲቀየር ነው የሚያስፈራኝ።

ማኅበሩ በ1867 ቻርልስ ዋረንን ላከ። የ27 ዓመት የጦር መሐንዲስ ነው። ሱልጣኑ በቅዱሱ አደባባይ ውስጥ መቆፈር ስለከለከለ፣ ዋረን ከግንቡ ራቅ ብሎ ከ20 ሜትር በላይ ቁልቁል ቆፈረ፤ ከዚያ ከመሬት ሥር ወደ ግንቡ መሠረት በጎን ተሿለከ። አፈሩ ይናዳል፣ አየር የለም፣ የቆሻሻ ውኃ ይገባል። ዛሬ በምዕራባዊው ግንብ መሿለኪያ ሲዞሩ የሱ ጉድጓዶች ይታያሉ። በስሙ የሚጠራ በር አለ፤ ግዮን ምንጭ አጠገብ ደግሞ በስሙ የሚጠራ ጉድጓድ። አፈሩን በቅርጫት የተሸከሙት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በስማቸው የተጠራ ነገር አላየሁም።

ቀጥሎ ካርታው መጣ። ከ1872 እስከ 1877 ኮንደርና በኋላ የተቀላቀለው ወጣቱ ኪችነር፣ ሁለቱም የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች፣ ምዕራብ ፍልስጤምን መንደር በመንደር ለኩ። 26 ሉህ ካርታ ወጣው። ከሕዝቡ አፍ ከ9,000 በላይ የቦታ ስሞች ሰበሰቡ። የሮቢንሰን ዘዴ በሠራዊት ጉልበት ሲሠራ ማለት ነው። ከነዚህ መንደሮች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፤ በ1948 ጦርነት ሰዎቻቸው ተሰድደው ፈርሰዋል። ስማቸው ያለው ካርታው ላይ ነው። ካርታው ለገዢ እንደተሠራ አውቃለሁ፤ ግን የተፈናቀሉት የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን መንደር የሚፈልጉት እሱ ላይ ጭምር ነው። ስለዚህ ነገር አንድ ወጥ ስሜት የለኝም።

ዓርብ ጽዮን ተራራ ላይ ወዳለው የፕሮቴስታንቶች መቃብር ሄድኩ። ጥድ የበዛበት፣ ጸጥ ያለ ገደላማ ቦታ ነው። ፍሊንደርስ ፔትሪ እዚህ ተቀብሯል፤ የሸክላ ስብርባሪን አይቶ ዘመን መለየትን ለቁፋሮ ሙያ ያስተማረ ሰው። እኔ የመጣሁት ግን ለሳሙኤል ጎባት ነው።

ጎባት የስዊዝ ሰው ነው። በ1830 ሚስዮናዊ ሆኖ ጎንደር ገባ። ከደብተራዎቹ ጋር ሲከራከር፣ ስለ ሥጋዌ ሲጠይቅና ሲጠየቅ ሰነበተ። ታሞ ወጣ። በ1846 ኢየሩሳሌም ላይ የአንግሊካን ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ እስከሞተበት እስከ 1879 እዚያው ኖረ። እንግዲህ ያኔ የኛ መነኮሳት ኢየሩሳሌም ውስጥ ወኪል ያለው መንግሥት ከኋላቸው አልነበራቸውም። በገዳማቸው በዴር ሡልጣን የበር ቁልፍ ምክንያት ሲገፉ፣ አማርኛ የሚያውቀውና አገራቸውን ያየው ጎባት ነው የቆመላቸው። ከእንግሊዙ ቆንስላ ከጄምስ ፊን ጋር ሆኖ ስለነሱ ተሟገተ። በሌላ በኩል ደግሞ ሃይማኖታቸውን ሊለውጥ የሚፈልግ ሰው ነው፤ ይህንንም አልደብቅም። ለአፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሙያተኛ ሚስዮናውያንን በመላክም እጁ አለበት። እነዚያ ሰዎች ናቸው ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያቀለጡት። መቅደላ ላይ የቀረው መድፍ ጅማቱ ይህ ጸጥ ያለ መቃብር ድረስ እንደሚደርስ ሳስብ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ስለ ስም ሳስብ የሁሉም ፈረንጅ ነገር አንድ እንዳልነበረ እዚያ ትዝ አለኝ። ከሮቢንሰን ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዙን ያጠናከረውና አማርኛ የተማረው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። በ1652 ጎታ ድረስ ጋብዞ አስመጣቸው። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ ሲያሳትም መምህሬ እሳቸው ናቸው ብሎ ጻፈ፤ በኋላም ሥዕላቸውን አተመ። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገር ሲመለሱ በ1658 መርከብ ተሰብሮ ሰጠሙ። ስማቸው ግን አልሰጠመም። ሌሎቹስ እንዲህ ቢያደርጉ ምን ነበረበት?

ቅዳሜ ከደማስቆ በር ውጭ ያለውን፣ አንዳንድ ፕሮቴስታንቶች የጌታ መቃብር ነው የሚሉትን የአትክልቱን መቃብር አየሁ። አበባው ያምራል፤ የተለያየ አገር ሰዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው ይዘምራሉ። አጠገቡ ያለው ገደል የራስ ቅል ይመስላል፤ ከሥሩ የአውቶቡስ ጣቢያ ነው። በ1883 ጄኔራል ጎርደን ይህ ነው ጎልጎታ አለ። ጎርደንን እኛ እናውቀዋለን። በ1879 የግብጽ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ሳይስማማ የተመለሰው እሱ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ካርቱም ላይ ተገደለ።

ለፕሮቴስታንቶቹ ሐሳቡ ጥሩ መጠለያ ሆነላቸው። የትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ከከተማው ግንብ ውስጥ ነው፤ ጌታ የተሰቀለው ከከተማ ውጭ ነው፤ ስለዚህ የመነኮሳቱ ቦታ ልክ ሊሆን አይችልም ይሉ ነበር። ሮቢንሰንም እንዲህ ነበር የሚያምነው። ሆን ብሎ ከገዳማት ይርቅ ነበር። የገበሬውን አፍ አመነ፤ የመነኩሴውን አላመነም። በኋላ የሆነው ሌላ ነው። በ1960ዎቹ እንግሊዛዊቷ የቁፋሮ ባለሙያ ካትሊን ኬንየን ከትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስትቆፍር፣ ጎልጎታ ያለበት ሠፈር በጌታ ዘመን ከግንቡ ውጭ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አገኘች። የአትክልቱ መቃብር ደግሞ ሲመረመር ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው ወይም በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የተፈለፈለ ሆነ፤ «አዲስ መቃብር» ከሚለው ወንጌል ጋር አይሄድም። እዚያ የሚዘምሩትን ሰዎች ጸሎት አልነካም፤ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ግን የመነኮሳቱም ትዝታ እንደ ገበሬው ሊደመጥ ይገባው ነበር።

እሑድ ዳግማይ ትንሣኤ ነው። ማታ ሄጄ ዴር ሡልጣን ወጣሁ። የትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ በቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ጉልላት ዙሪያ፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ የአባቶች ክፍሎች አሉ። በተሳላሚዎቹ ቀን ጫጫታ ነበር። አሁን ማንም የለም። አንድ አረጋዊ መነኩሴ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አልኳቸው።

«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ሻይ በቴርሞስ ነበራቸው። ቀዱልኝ።

ስለ 1838 ጠየቅኳቸው። ፈረንጁ ሻማ ይዞ መሿለኪያው ውስጥ የተሳበበት ዓመት ነው። እሳቸው ሮቢንሰንን አያውቁትም። ዓመቱን ግን ያውቁታል። «ወረርሽኝ ገባ። አባቶች አለቁ። መጻሕፍቱ በሽታ ይዘዋል ተብሎ ተቃጠሉ ብለው ነው የነገሩን» አሉ። ድምፃቸው ትናንት የሆነ ነገር የሚያወሩ ይመስል ነበር። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ከተማ፣ አንዱ የቦታ ስም ሲሰበስብ ሌላው ዘንድ ስም የተጻፈበት ብራና ይቃጠላል። የሞቱት አባቶች እነማን ነበሩ ብዬ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ከክፍላቸው ጠርዙ ያለቀ ደብተር አወጡ። የተሳላሚዎች ስም ነው፤ በጸሎት የሚያስቧቸው።

«የክርስትና ስምህን ንገረኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። «የእናትህንስ?» ያንንም ጻፉ። ብዕራቸውን ይዘው፣ «ሌላ የምታስበው ሰው አለህ?» አሉኝ።

ወዲያው ትዝ ያሉኝ አውቶቡሱ ላይ ያሉት እናት ናቸው። አንድ ሳምንት አብረን ተጉዘን፣ ከቤት የያዙትን ዳቦ ቆሎ አካፍለውኝ፣ ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም። «እማማ» ስል ነው የከረምኩት። ስልኬን አወጣሁና አዲስ አበባ ላለው የጉዟችን አስተባባሪ ደወልኩለት። መዝገቡን እስኪያይ ጠበቅነው። ስማቸውን ነገረኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩት፤ አባ መነጽራቸውን አስተካክለው ጻፉት።